ለገሃር፦ የድሮው ጣቢያ፣ ቀላል ባቡሩና የድሬዳዋው መስመር (ለተማሪዎች ጉብኝት መረጃ ፈልጌ)

መምህርት_ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ወደ አርባ የሚጠጉ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይዘን አዲስ አበባ እንመጣለን። አንዱን ቀን ሙሉ ለለገሃር ሰጥተነዋል። የማስረጃ ጽሑፉን ሳዘጋጅ ሦስት ነገር ላይ ተቸገርኩ።

መጀመሪያ ዓመቱ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው አንዱ ጋ 1909፣ ሌላው ጋ 1917 ተብሏል። ስለ ሕንፃው ደግሞ 1922ም፣ 1929ም፣ 1930ም አግኝቻለሁ። የትኛውን ልያዝ?

ሌላው ጉዞው ነው። ከለገሃር በቀላል ባቡር ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ከዚያ ተመልሰን ወደ መገናኛ መሄድ አስበናል። የት ወርደን ነው የምንቀይረው? በመጨረሻም፣ ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ ዘመድ ጥየቃ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ለመቀጠል ይፈልጋሉ። ከለገሃር መሳፈር ይቻላል?

ሐዲድ_784

መምህርት፣ ዓመቶቹ አይጋጩም። ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የተለያዩ ክንውኖች ተደባልቀው ነው።

ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ጁን 7 ቀን 1917። አሁን ቆሞ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ግን ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1929። ከ12 ዓመት በላይ ተሳፋሪው የሚወርደው ጊዜያዊ ጣቢያ ላይ ነበር። ስለዚህ «ለገሃር በ1909 ተሠራ» ብለው አይጻፉ። በ1909 የገባው ሐዲዱ ነው።

1930 የሚለው የመጣው ሁሉንም በ8 ከመደመር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ግንቦት 1909 ላይ 8 ሲደመር 1917 ይሰጣል። ኅዳር 1922 ላይ ግን 7 ነው የሚደመረው፣ 1929። ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰሉት ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። በፈረንሳይኛ መዛግብት ላይ 1909 የሚል ቁጥር ሲያዩ የእኛ 1909 እንዳይመስልዎ። እዚያ ላይ የሚያወሩት ሁለተኛው ኩባንያ ሥራውን ስለጀመረበት ጊዜ ነው፤ በእኛ 1901 መሆኑ ነው።

የመስመሩን ታሪክ ባጭሩ ለማስቀመጥ (ዓመቶቹ በሙሉ ዓ.ም. ናቸው)፦ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ነው፤ ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ተጀመረ፣ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር ነበር፤ ወደዚያ ተራራ ሐዲድ ማውጣት ወጪው ስለከበደ መስመሩ በተራራው ሥር አለፈ፣ አዲስ ከተማም ተቆረቆረ። ድሬዳዋ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሏ ከዚህ ነው።

ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ለምን ከ14 ዓመት በላይ ፈጀ የሚለው ግን ትልቁ ጥያቄ ነው፣ ተማሪዎችም ይጠይቁዎታል። መልሱ ሁለት ነው፣ ገንዘብና ሉዓላዊነት። ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ሲገባ የፈረንሳይ መንግሥት በገንዘቡ በኩል እጁን አስገባ፤ እንግሊዝና ጣሊያንም ድርሻ ፈለጉ። ምኒልክ በራሳቸው ምድር ላይ የሌላ መንግሥት መስመር ሲዘረጋ ዝም ብለው አላዩም። ኩባንያው ከሰረ፣ በ1900 ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የተባለው ሥራውን ቀጠለ። ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው፤ ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑት የካቲት 1909፣ ባቡሩ የገባው በዚያው ዓመት ግንቦት። እኔ ብሆን ይህን ከሁሉ በፊት ነበር የምነግራቸው።

የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ወደ 310 ኪሎ ሜትሩ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ፣ ቀሪው ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር። የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 1000 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ሦስተኛ ጥያቄዎ የሚፈታው በእሱ ነው።

ስታዲየም_ልደታ

ታሪኩን ወንድማችን ስለጨረሰው እኔ ስለ ቀላል ባቡሩ።

የሰሜን ደቡብ መስመር (ምኒልክ አደባባይ – ቃሊቲ፣ 16.9 ኪ.ሜ.) ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008፣ የምሥራቅ ምዕራቡ (አያት – ጦር ኃይሎች፣ 17.4 ኪ.ሜ.) ጥቅምት 29 ቀን 2008 ነው። ሁለቱ መስመሮች 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ በዚያ ላይ ያሉት አምስት ጣቢያዎች ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድና ልደታ ናቸው። ለገሃር ከነዚህ አንዱ ስለሆነ አራቱም መዳረሻዎች በእሱ ያልፋሉ።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ቀላል ነው። ከለገሃር ወደ ምዕራብ የሚሄድ ባቡር ሁሉ እስከ ልደታ አንድ ነው፤ ከልደታ በኋላ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በአውቶቡስ ተራና በአትክልት ተራ አድርጎ ወደ ምኒልክ አደባባይ ይታጠፋል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ሁሉ እስከ ስታዲየም አንድ ነው፤ ከዚያ አንዱ በእስጢፋኖስና በመገናኛ ወደ አያት፣ ሌላው በመሿለኪያና በሪቼ ወደ ቃሊቲ። ቀለሙንም እዩ፦ አረንጓዴ የአያት – ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊ የምኒልክ አደባባይ – ቃሊቲ።

ለእናንተ ጉዞ እንግዲህ፦ ከለገሃር ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰማያዊ። መጨረሻው ምኒልክ አደባባይ ነው። ስትመለሱ በሰማያዊው መጥታችሁ ከአምስቱ በአንዱ ላይ ትወርዳላችሁ፣ ባላችሁበት አቅጣጫ ወደ አያት የሚሄደውን አረንጓዴ ጠብቃችሁ ትሳፈራላችሁ። አቅጣጫችሁ ስላልተለወጠ ወደ ሌላ ወገን መሻገር የለም። ከአምስቱ ለገሃርን ወይም ሜክሲኮን ብትመርጡ ይሻላል። እስከ ስታዲየም ከቆያችሁና አንድ ልጅ ሳይወርድ ከቀረ ባቡሩ ወደ ቃሊቲ ይዞት ይሄዳል፤ ለገሃር ላይ ከቀረ ግን ስታዲየም ወርዶ ይጠብቃችኋል፤ ቀጣዩ አረንጓዴ እዚያው ነው የሚቆመው።

ሰው የሚሳሳተው ወደ ኋላ መታጠፍ ያለበት ጉዞ ላይ ነው። ከአያት መጥቶ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው ስታዲየም ላይ ወርዶ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውን ሰማያዊ መያዝ አለበት። ከጦር ኃይሎች ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድም እንዲሁ ልደታ ላይ። እዚያው በወረደበት በኩል የሚጠብቅ ሰው ባቡር በባቡር ላይ ሲያልፈው ይውላል።

ቲኬት ከመውጣታችሁ በፊት ጣቢያው አጠገብ ካሉት የቲኬት መሸጫዎች ነው የሚገዛው፤ ባቡር ውስጥ አይሸጥም። ዋጋው በርቀት ነው። ተቆጣጣሪ ስለሚጠይቅ እስክትወርዱ አትጣሉት። ለአርባ ልጅ አንድ መምህር ቀድሞ ሄዶ ይግዛ፣ መዳረሻውን በስሙ ይጥራ፤ ጉዟችሁ ከተቆራረጠ በየክፍሉ ነው የምትገዙት። ልጆቹን በአሥር በአሥር ከፍላችሁ በየበሩ አሰልፏቸው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አርባ ሰው በአንድ ባቡር አይገባም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። ቦርሳ ከፊት ይያዝ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ጥልቅ ይግባ።

ፉሪ_ለቡ

ስለ ድሬዳዋው፦ ከለገሃር አይቻልም። የድሮው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራ ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። አሁን የተሳፋሪ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው፣ ከከተማው በደቡብ ምዕራብ። ቀላል ባቡር እዚያ አይደርስም፤ በታክሲ ወይም በራይድ ነው የሚኬደው። ባቡሩ የሚነሳው ጠዋት ስለሆነ ከደሴ የመጣ ልጅ ለቡ አካባቢ ወይም ሜክሲኮ ቢያድር ይሻለዋል።

ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ይችላል። የመነሻውን ቀን ደውሎ ወይም ሄዶ አረጋግጦ ቀደም ብሎ ቲኬት መቁረጥ፣ ቲኬት ሲቆረጥም ሲሳፈሩም መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ለተማሪ የትምህርት ቤት መታወቂያ ይበቃ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰዓቱ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ የሚለውንም ጠይቁ፤ የጅቡቲ መስመር ስለሆነ ሁለቱም ይጻፋል፣ «8 ሰዓት» ማለት ለአንዱ ጠዋት ለሌላው ከሰዓት ነው። ጅቡቲ ድረስ ለሚሄድ ፓስፖርትና ቪዛ ግድ ነው።

ድሬዳዋ ሲደርሱ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ባጃጅ ወይም ታክሲ ይያዛል። ልብ በሉ፣ ድሬዳዋም ውስጥ ለገሃር የሚባል አለ። እሱ የድሮው ጣቢያ አካባቢ ነው፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አጠገብ። ልጆቹ ለባቡር ፍቅር ካላቸው እዚያ ያለውን የድሮ ጋራዥ ያስፈቅዱና ይዩ። በ1000 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዱ የነበሩት ባቡሮችና ፉርጎዎች፣ የመጠገኛ ማሽኖቹም እዚያ አሉ።

መምህርት_ከደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጉዞው ግልጽ ሆኖልኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። ተማሪዎቹ «የድሮውን ሐዲድ ለምን ከአዲሱ ጋር አላገናኙትም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ደግሞ ቀላል ባቡሩ ብዙ ያስጠብቃል ሲባል እሰማለሁ፤ ምክንያቱን ማስረዳት እፈልጋለሁ። ለገሃር ሄደው ያላዩትን አያምኑም፤ ልጆች ናቸው።

ሐዲድ_784

1000 ያልኩት ቁጥር እዚህ ይመጣል። አዲሱ የአዲስ አበባ – ጅቡቲ መስመር (መስከረም 25 ቀን 2009 ተመርቆ፣ መደበኛ አገልግሎት ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 የጀመረው) 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ1000 የተሠራ ጎማ 1435 ላይ አይቆምም። ሐዲዱን ማስፋት ማለት ደግሞ ሁለቱን ብረት ማራራቅ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው አግዳሚ፣ ድንጋዩ፣ ድልድዩ፣ የመታጠፊያው ስፋት፣ ሁሉም ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ባቡር የተሰላ ነበር። የድሮው መስመር ተራራ የወጣው በጠባብ መታጠፊያዎች ነው። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው፣ አለበለዚያ የሚሆነው በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ የሆነው ነው፦ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር መታጠፊያው ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ይህን ለልጆቹ ሲነግሩ በጥንቃቄ ይሁን፤ ከድሬዳዋና ከአዋሽ መስመር ቤተሰቡን ያጣ ብዙ ነው።

መስመሩ በአንድ ጊዜ አይደለም የሞተው። በ1969ና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት ቆረጠው። ከጅቡቲ ነፃነት በኋላ ንብረቱ የሁለቱ መንግሥታት ሆነ። ዕቃው ደግሞ በአስፋልት በከባድ መኪና መሄድ ለምዶ ነበር። ሐዲዱ አርጅቶ ባቡር ከመስመር መውጣት ሲበዛ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ሳያልቅ ቀረ። ገቢ የለም፣ ጥገና የለም፣ ስለዚህ ጭነት የለም፣ ስለዚህ ገቢ የለም።

አዲሱ መስመር የተቀየሰው ከሁሉ በፊት ለወደብ ጭነት ነው። ከሰበታ ተነሥቶ በፉሪ ለቡና በእንዶዴ ከተማውን በደቡብ ዞሮ ወደ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ይሄዳል። መሀል ከተማ ማስገባት ቤት ማፍረስና ከባድ የጭነት ባቡር በቂርቆስ በኩል ማሳለፍ ይሆን ነበር።

ብልጥ ተማሪ ደግሞ «ቀላል ባቡሩም 1435 አይደለም እንዴ?» ይላል። ነው። ግን በስፋት መመሳሰል ብቻ አያገናኝም። ቀላል ባቡሩ የሚሠራው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፣ የጅቡቲው በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ። ሁለቱ መስመሮች የሚነካኩበት ቦታም የለም።

ቶርኖ_ቤት

ስለ መጠበቁ እኔ ልመልስ፤ ጉዳዩ የጎማ ጉዳይ ነው፣ ሰው ግን ሁልጊዜ ስለ መብራት ብቻ ያወራል።

ለሁለቱ መስመሮች የመጡት 41 ባቡሮች ናቸው። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ በውስጥ በኩል ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ አለው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጠርዙ ሐዲዱን እምብዛም አይነካም። መታጠፊያ ላይ ግን ይፋቃል፤ መታጠፊያው በጠበበ ቁጥር ፍትጊያው ይብሳል። የእኛ ቀላል ባቡር በከተማው መንገዶች ቅርጽ ስለተዘረጋ ጠባብ መታጠፊያ ይበዛዋል። ስታዲየምና ልደታ ላይ ሲታጠፍ የሚሰማው ጩኸት ያው ፍትጊያው ነው። ተማሪዎቹ ያድምጡት።

ጠርዙ ሲሳሳ ጎማው ቶርኖ ላይ ወጥቶ ተልጦ ቅርጹ ይመለሳል። ግን በተላጠ ቁጥር ዲያሜትሩ ያንሳል፤ ግራና ቀኙም እኩል መሆን ስላለበት አንዱ ሲበላ ሁለቱም ይላጣሉ። ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ መለወጥ አለበት፣ ያ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ሲዘገይ ባቡሩ ዴፖ ይቆማል፣ መለዋወጫውም ከቆመው እየተነቀለ ለሚሠራው ይገጠማል። የቆመው በዚያው ይቀራል። ባቡር ሲቀንስ በሁለት ባቡር መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ ሲረዝም በየጣቢያው የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ በር ለመዝጋት ጊዜ ይወስዳል፣ ባቡሩ ይበልጥ ይዘገያል።

ለገሃር ላይ ለምን እንደሚብስ ልንገርሽ፣ እህቴ። አምስቱ የጋራ ጣቢያዎች አንድ ሐዲድ ላይ ናቸው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ድልድይ። እዚያ ውስጥ አንድ ባቡር ቢቆም ሁለቱም መስመሮች ናቸው የሚቆሙት፣ መሸሻ ጎን የለም። ቃሊቲ በኩል መኪና ሐዲድ ላይ ቢገባ እንኳ ውጤቱ ወደዚህ ይመጣል። ስለዚህ መጠባበቂያ ዕቅድ ይኑራችሁ። ከለገሃር በአንበሳ ወይም በሸገር አውቶቡስ መውጣት ትችላላችሁ፤ ወደ ስታዲየም ደግሞ በእግር ቅርብ ነው።

ቸርችል_ታች

ስለ አካባቢው ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው እዚህ መጥቶ አንበሶቹን ያምታታቸዋል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የፈረንሳዊው ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ የቆመው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ፣ በ1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ እዚያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አቆመው። የዘርአይ ደረስ ታሪክ የሚነገረው ስለዚህ አንበሳ ነው። በፈረንጆች 1960ዎቹ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው፣ ከድንጋይ የተጠረበው ማዕዘን ማዕዘን ያለው አንበሳ ሌላ ነው፤ እሱ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፣ ለንግሥናው 25ኛ ዓመት በ1948 የቆመ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በእግር አጭር ነው፤ ሁለቱንም አሳይተው ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ።

ጣቢያው ከቸርችል ጎዳና ጫፍ እንዲታይ ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ ከፒያሳ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ የሚያልቀው እሱ ላይ ነው። አሁን የቀላል ባቡሩ ድልድይ ከፊቱ ስለሚያልፍ ያ ዕይታ ተሸፍኗል። ስለዚህ ፊቱን በሙሉ ለማየት ድልድዩን በሥሩ አልፎ ወደ ጣቢያው መጠጋት ያስፈልጋል።

ኅዳር 2011 ላይ በ36 ሄክታር የድሮ የባቡር ይዞታና አካባቢው ላይ የኢግል ሂልስ (የአቡዳቢ የሪል እስቴት ኩባንያ) ግንባታ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፤ የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ የተነገረውም ያኔ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ነው። ጣቢያ ማለት ፊቱ ብቻ አይደለም፤ ባቡር የሚቆምበት ሐዲድ፣ ዕቃ ማራገፊያው መጋዘን፣ አቅጣጫ መቀየሪያው፣ የሠራተኛው ቤት፣ እነዚህ ከሌሉ ሕንፃው ለምን እዚያ እንደቆመ ማንም አያውቅም። መምህርት፣ ልጆቹ ፊቱን ፎቶ ካነሡ በኋላ ወደ ጀርባው እንዲዩ ያድርጉ። በዚያ በኩል ሐዲድ ካገኙ በሜትር ይለኩት፤ ከአንዱ ብረት ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው ውስጠኛ ጠርዝ። አንድ ሜትር ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርጉት፦ ከብሔራዊ ቴአትሩ አንበሳ ጀምረው ወደ ታች፣ ራስ ሆቴልን አልፈው በድልድዩ ሥር ወደ ጋርዴው አንበሳና ጣቢያው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወደ ቀላል ባቡሩ። ከላይ ሆነው ሁለቱንም ያያሉ። አካባቢው የግንባታ ቦታ ስለሆነ ግቢ ለመግባት ከትምህርት ቤቱ በማኅተም የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፣ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊትም ጥበቃዎቹን ያስፈቅዱ። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን በር ላይ ያስቀሩታል።